በሩ ነው የገጨኝ ወይስ እኔ ነኝ የገጨሁት?

ደሴ ላይ ሞተር የምትነዳ ሴት ገና ሳትወድቅ ጥፋተኛ ናት! አትሳቁ፣ ከልቤ ነው። ወንድ ከሞተር ሲወድቅ «ማን ገጨው?» ይባላል። ሴት ስትወድቅ ግን «ማን ንጂ አላት?» ነው የሚባለው። በቃ፣ ምርመራው እዚያው አስፋልቱ ላይ ተዘጋ!

ለማታውቁኝ፣ ከድጃ እባላለሁ። ቤቴ ደሴ ነው፣ እንጀራዬ ኮምቦልቻ። አንዱ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ የፈትል ክፍል ፈረቃ መሪ ነኝ። ጠዋት ጠዋት ሹራብ በሹራብ ላይ ደርቤ፣ በላዩ ጃኬት ጨምሬ ከደሴ ብርድ እወጣለሁ፤ የሐረጎን ቁልቁለት ወርጄ ኮምቦልቻ ስደርስ ሙቀቱ ይቀበለኝና የደረብኩትን ሁሉ አንድ በአንድ አወልቃለሁ። የፋብሪካው ዘበኛ «ዛሬስ ስንት ሰው ሆነሽ መጣሽ?» እያለ ነው የሚያስገባኝ። መመላለሻዬ የገዛ ሞተሬ ናት። እማዬ ሞተሬን አንድም ቀን «ሞተር» ብላት አታውቅም፤ «ያቺ ጉድ» ነው የምትላት። «ያቺ ጉድ ዛሬስ በሰላም አስገባችሽ?» ትለኛለች በየማታው።

ታዲያ አንድ ቀን ሳታስገባኝ ቀረች።

ከፈረቃ ወጥቼ፣ ሐረጎን ሽቅብ ተያይዤው፣ ለእማዬ የደም ግፊት መድኃኒት ልገዛ ወደ ፒያሳ ታጠፍኩ። ፍጥነቴን ብነግራችሁ ታፍሩብኛላችሁ፤ ጥቂት ቀደም ብሎ አንዲት ፍየል ቀድማኝ አልፋለች። ከፊቴ አንድ ነጭ ፒካፕ ጥጉን ይዞ ቆሟል። በአጠገቡ ላልፍ ስል የሾፌሩ በር… ቧ! ያ ጀማዓ፣ በሩ ከየት መጣ ብላችሁ አትጠይቁኝ። ዓይኔን ስጨፍን አልነበረም፣ ስገልጥ መሪዬ ላይ ነበር።

ከዚያ ቀጥሎ ያየሁት ሰማይ ነው። የደሴ ሰማይ ያን ዕለት ጉም የሚባል ነገር አልነበረበትም። «እንዴት ያለ ቆንጆ…» ብዬ ሳልጨርስ ሞተሬ መጥታ ግራ እግሬ ላይ ተኛች።

ሰው ግር ብሎ መጣ።

«ሞተ እንዴ?»

«ኧረ አልሞተም፣ ይንቀሳቀሳል!»

«ውሃ ስጡት!»

«ውሃ እንዳትሰጡት!»

አንዱ ሄልሜቴን አወለቀልኝ። ከሥሩ ሻሼ ብቅ አለ።

«ሴት ናት እንዴ?!»

«አ…ሃ!»

ያቺን «አሃ» መቼም አልረሳትም። የጠፋ ቁልፉን ኪሱ ውስጥ ያገኘ ሰው የሚላት ዓይነት «አሃ» ናት። እኔ መሬት ላይ ተዘርግቼ፣ እግሬ ወደማይታጠፍበት ታጥፎ፣ ሕዝቡ ምክንያቱን አግኝቶ ተገላገለ!

ከፒካፑ የወረዱት ሰውዬ አቶ ይማም ይባላሉ። የሴራሚክ ነጋዴ ናቸው፤ ደልደል ያሉ፣ ሆዳቸው ሁልጊዜ በአንድ እርምጃ የሚቀድማቸው፣ ከተማው የሚያከብራቸው ሰው። እጃቸውን ዘርግተው ለሰዉ ሁሉ ይናገራሉ፦ «ወላሂ፣ እኔ ቆሜያለሁ! በሩም ተከፍቶ ቆሟል! እሷ ናት ዝም ብላ መጥታ የገባችበት!»

የትራፊክ ፖሊሱ ደረሰ። ለካ፣ አሰመረ፣ ጻፈ። ከዚያ ቀና ብሎ «ያየ ማነው?» አለ። የሰውን መበተን እዚያ ማየት ነበረባችሁ! ከደቂቃ በፊት ሁሉም አይቶ ነበር፤ አንዳንዱማ ከመሆኑ በፊት ያየ ነበር የሚመስለው። «ምስክር» የምትል ቃል ስትነሳ ግን አንዱ ሶላት ደረሰበት፣ አንዱ ዳቦ ሊገዛ እንደተላከ ትዝ አለው፣ ሌላው ለካ ለከተማው እንግዳ ኖሯል። በመጨረሻ እኔ፣ ፖሊሱ፣ አቶ ይማምና በሩ ብቻ ቀረን።

ሆስፒታል ገባሁ። ቅልጥሜ ተሰብሯል ተባለ፤ እስከ ጭኔ ጀሶ ለበስኩ። በማግሥቱ አቶ ይማም ብርቱካን ይዘው ሊጠይቁኝ መጡ። ደግ ሰው ናቸው ብዬ ልቤ ራራ።

«አብሽሪ እህቴ፣ አላህ ያሽርሽ» አሉኝ።

«አሚን፣ ያኑርልኝ።»

ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «የበሩን ነገር ግን እንዴት ብናደርግ ይሻላል?»

«የምን በር?»

«የእኔን ነዋ! ተጣመመና አልዘጋም አለ።»

«የእኔም እግር አልታጠፍም ብሏል፣ አቶ ይማም።»

«እሱማ ይድናል… ሥጋ ነው። ቆርቆሮ አይድንም!»

እየሳቅሁ እነግራችኋለሁ እንጂ ያን ቀን አልሳቅሁም። የሚያመኝ እግሬ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። ሊጠይቀኝ የመጣ ሁሉ አልጋዬ አጠገብ ተቀምጦ ያንኑ ይለኛል። «ምነው ቀስ ብትይ ኖሮ?» «ምነው ባጃጅ ብትይዢ?» «እኛ ስንልሽ ነበር!» እማዬ ደግሞ ያቺን ጉድ ለመሸጥ ገዢ ማፈላለግ ጀምራለች። ከኮምቦልቻ የፋብሪካ ልጆች መጥተው አለቃዬ «በደንብ ትረፍ፣ አትቸኩል» ማለቱን ነገሩኝ። ይህ ቃል እንዴት እንደሚያስፈራ ፋብሪካ የሠራ ያውቀዋል፤ በቦታሽ ሰው አስቀምጫለሁ ማለት ነው።

እናም የሆነው ሆነ… ቀን በቀን ሲነገረኝ እኔም ማመን ጀመርኩ። ምናልባት በሩ ቀድሞ ተከፍቶ ይሆን? ምናልባት ሐሳብ ይዞኝ ይሆን? ዓይኔን ስከድን መጀመሪያ በሩ ድንገት ሲከፈት አየው ነበር። ከሰነባበተ በኋላ ግን በሩ ተከፍቶ ቆሞ፣ እኔ ከሩቅ እየመጣሁ፣ እንደ ሞኝ ሰተት ብዬ ስገባበት ማየት ያዝኩ። ሰው የገዛ ዓይኑን በወሬ ያጣል ብትሉኝ አላምንም ነበር።

ከዚህ መውጫውን ያሳየችኝ አንዲት ነርስ ናት። ጀሶዬን እያየች «ጠበቃ አነጋገርሽ?» አለችኝ።

«ጠበቃ? እኔ እኮ ማንንም አልገደልኩም!»

«ጠበቃ የገደለ ብቻ ነው እንዴ የሚይዘው? የተጎዳስ? ፍርድ ቤቱ ግቢ ውስጥ በነጻ የሕግ ድጋፍ የሚሰጡ አሉ፤ ሂጂና አማክሪያቸው።»

በክራንች እየተንቀጫቀጭኩ፣ ባጃጁ ውስጥ እግሬን በአንዱ በኩል አውጥቼ እንደ ባንዲራ እያውለበለብኩ ሄድኩ። እዚያ ያገኘኋቸው ጋሽ ተፈራ ይባላሉ። ሸምገል ያሉ ጠበቃ ናቸው፤ ሻይ ያለ ልክ ይወዳሉ፣ ስኳሩን ሲያማስሉ ማንኪያው ይጮሃል። ሁሉን ነገር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሳያቋርጡ ሰሙኝ።

«መንጃ ፈቃድ አለሽ?»

ከቦርሳዬ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩት።

«ሄልሜት አድርገሽ ነበር?»

«ጋሼ፣ ሄልሜቱን ባላደርግ ኖሮ ሴት መሆኔን ከሩቅ ያውቁ ነበር።»

ከት ብለው ሳቁ። «የመኪናውን ታርጋ ይዘሻል?»

«ያኔ የያዝኩት እግሬን ነው።»

«ግድ የለም፣ ፖሊስ ጽፎታል። አሁን የምነግርሽን አድምጪ። መንገድ ላይ የሚወጣ መኪና ሁሉ ለሦስተኛ ወገን መድን እንዲገባ ሕግ ያስገድደዋል።»

«ሦስተኛ ወገን ደግሞ ማነው?»

«አንቺ ነሻ!»

«እኔ እኮ ሁለታችን ብቻ የነበርን መስሎኝ…»

«ሁለተኛው መድን ድርጅቱ ነው። በጥፋቱ ለጎዳሽ ሾፌር የሚከፍልለት እሱ ነው። ስለዚህ የሕክምና ወረቀትሽን አንዱንም እንዳትጥዪ። ከሥራ የቀረሽበትን ፋብሪካው ይጻፍልሽ። ደግሞም» አሉና ማንኪያቸውን አነሱ፣ «ሽማግሌ መምጣቱ አይቀርም። ሲመጣ እኔ ሳላይ ምንም ነገር ላይ እንዳትፈርሚ። ይቅርታ በአፍሽ የፈለግሽውን ያህል አድርጊ። ‹ከእንግዲህ የምጠይቀው የለም› የሚል ወረቀት ላይ ግን እጅሽ እንዳያርፍ።»

«ጥፋቱ የእኔ ከሆነስ?»

ጋሽ ተፈራ ማንኪያቸውን አስቀመጡ።

«የአንቺ ነው ብለሽ ታምኛለሽ?»

«እንጃ… አላውቅም ጋሼ።»

«ጥፋቱ የማን እንደሆነ ለማወቅማ ሕጉ ራሱ ብዙ ጊዜ ይወስዳል። አንቺ አትቸኩይ።»

ሽማግሌዎቹ በአንድ እሑድ መጡ። አቶ ይማምን ከመሐል አድርገው፣ ነጭ በነጭ ለብሰው፣ የእማዬን ሳሎን ሞሉት። ከሁሉ በላይ ግን አንዲት አሮጊት ይዘው ነበር፤ እማማ ሐዋ ይባላሉ። የአቶ ይማም አማት ናቸው፤ ለዓይናቸው ሕክምና ከቢስቲማ መጥተው እሳቸው ቤት አርፈዋል። ያመጧቸው ለምን እንደሆነ ገብቶኛል። ወሎ ውስጥ እንደዚያ ያሉ እናት ፊት ለፊትሽ ተቀምጠው መዳፋቸውን ለዱዓ ሲዘረጉ «እምቢ» የምትል ምላስ አልተፈጠረችም። ለእኔ የተጠመዱ መድፍ ነበሩ!

እኔም ባዶ እጄን አልጠበቅኋቸውም። ጋሽ ተፈራን ጥግ ላይ አስቀምጬ ሻይ አስይዣቸዋለሁ። አንዱ ሽማግሌ አዩአቸው።

«እርስዎ ማን ነዎት?»

«ሽማግሌ ነኝ።»

«በማን ወገን?»

«በዕድሜ።»

ነገሩ ተጀመረ። አንደበተ ርቱዑ ሽማግሌ ስለ ጉርብትና፣ ስለ ሰው ልጅ ድክመት፣ ስለ አኺራ ሳይቀር ተናገሩ። እማዬ ገና ከመግቢያው እንባዋን እየጠረገች «አውፍ ብላለች! አውፍ ብላለች!» ትላለች በእኔ ስም። ከዚያ የተጻፈ ወረቀት ከኪስ ወጣ። ጋሽ ተፈራ ሻያቸውን ማማሰል አቆሙ።

«ከመፈረሟ በፊት» አሉ ጋሽ ተፈራ ለስለስ ብለው፣ «የሆነው ነገር ከባለቤቱ አንደበት ቢሰማ ምን ይመስላችኋል?»

«ደግ ብለዋል!» አሉ ሽማግሌዎቹ። አቶ ይማም ብድግ አሉና ጀመሩ። «እንደሚታወቀው እኔ መኪናዬን አቁሜያለሁ። በሩን ከፍቼ ግራና ቀኝ አይቻለሁ። በሩ ተከፍቶ፣ እኔ አንድ እግሬን አውርጄ፣ ብዙ ከቆየሁ በኋላ…»

«ይማም» አሉ እማማ ሐዋ።

«እመት?»

«ምኑን ነው የቆየኸው አንተ?»

አቶ ይማም በቆሙበት ወደ አማታቸው ዞሩ።

«እኔ ከኋላ ተቀምጬ አልነበር እንዴ? ለልጄ ያመጣሁትን የማር ገንቦ ከኋላ መጫኛው ላይ ጭናችሁብኝ፣ ሌባ እንዳይወስድብኝ ዓይኔን ከኋላው መስታወት አንስቼ አላውቅም። ልጅቱ ቀስ ብላ ስትመጣ አየኋት። ‹ሞተር መጣች ይማም› አልኩህ። ‹እሺ እሺ› አልክ። ለካ እሺ ያልከው ለስልኩ ኖሯል! እየጮህክበት በሩን ወርወር አደረግከው። በግርግሩ መሐል በባጃጅ ወደ ቤት ሰደዱኝ እንጂ ያየሁትን ማንም አልጠየቀኝም።»

አቶ ይማም ላብ አጠመቃቸው። «እማማ ዓይናቸውን ሊታከሙ እኮ ነው የመጡት!» አሉ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረው።

«የታመመው የቅርቡ ነው! ለመርፌ ቀዳዳ ነው የማልሆነው። የሩቁንማ እንኳን ሞተር፣ ያንተን ውሸት ከቢስቲማ ሆኜ አያለሁ። ስማኝ ልጄ፣ የሰው ሐቅ ይዤ ወደ አገሬ አልመለስም። ዛሬ ለዱዓ ነው ያላችሁኝ፤ ዱዓዬ ይኸው ነው።»

እኔ ምን ሆንኩ መሰላችሁ? ድል ያደረግሁ መስሎኝ መፎከር ይገባኝ ነበር። በምትኩ ክራንቼን አቅፌ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቅሁ። ማንም ካሳ አልሰጠኝም ገና፤ እማማ ሐዋ ግን የገዛ ዓይኔን መለሱልኝ። በሩ ተከፍቶ አልቆመም ነበር! እማዬም እንባዋን ትታ አፈጠጠች። «እንዲህ ነው እንዴ?» አለች ወደ አቶ ይማም፣ «እኔ እኮ የልጄን ሞተር ልሸጠው ነበር!» ልብ አድርጉልኝ… «ሞተር» አለች!

አቶ ይማም ተቀመጡ። ትልቅ ሰውዬ እንዲህ ሲያንሱ አይቼ አላውቅም። «ፈርቼ ነው» አሉ። «እስር ቤት ገብቼ፣ ሱቄ ተሽጦ፣ ልጆቼ ተበትነው ታየኝ። አውፍ በይኝ እህቴ።»

«አውፍ ብያለሁ» አልኳቸው፤ ከልቤ ነበር።

ይህን ጊዜ ጋሽ ተፈራ ሻያቸውን ጨርሰው ብርጭቆውን አኖሩ። «እኔ ሽማግሌም ነኝ፣ ጠበቃም ነኝ» ሲሉ ሽማግሌዎቹ ወረቀታቸውን ቀስ ብለው ወደ ኪስ መለሱ። «አቶ ይማም፣ እሷ ይቅር ብላዎታለች። ያ በእናንተ መካከል ያለቀ ነው፣ ደስም ይላል። ካሳው ግን የሚጠየቀው ከመድን ድርጅቱ ነው። መድንዎ አልተቃጠለም አይደል?»

«አልተቃጠለም!»

«ታዲያ ሱቅዎን ማን ይሸጥብዎታል? ይህ ወረቀት ቢፈረም ኖሮ እኮ ያተረፈው መድን ድርጅቱ ብቻ ነበር።»

የአቶ ይማም ፊት እንዴት እንደበራ! «ማለት… ጥፋተኛ እኔ ከሆንኩ የሚከፍሉት እነሱ ናቸው?»

«በመሠረቱ፣ አዎ። እርስዎ ለደንብ መተላለፉ የሚገባዎትን ቅጣት ይቀበላሉ።»

እዚህ ላይ ነው ሌላው ጣጣ የተጀመረው። በማግሥቱ አቶ ይማም ቃላቸውን ሊያስተካክሉ ከእማማ ሐዋ ጋር ትራፊክ ጽሕፈት ቤት ሄዱ። እኔና ጋሽ ተፈራም ነበርን። ከኃጢአት ነፃ ሆነው የከረሙት ሰውዬ አሁን ማን ይያዛቸው!

«ጥፋቱ የእኔ ነው!» አሉ ገና ከበሩ። «ጨርሶ አላየሁም! መስታወቱንም አላየሁም!»

ፖሊሱ ይጽፋል። «እሺ፣ መስታወት ሳያዩ…»

«ስልክም እያወራሁ ነበር! ደግሞ በሩን በእጄ አይደለም፣ በእርግጫ ነው የከፈትኩት!»

«በእርግጫ?» ፖሊሱ ብዕሩን አነሳ።

«ኧረ ዓይኔንም ጨፍኜ ነበር! እንዲያውም ሞተሯን ገና ከሩቅ…»

«አቶ ይማም!» ጋሽ ተፈራ ከወንበራቸው ተነሱ። «መድን የሚከፍለው ለቸልተኛ ነው፤ ሆን ብሎ ላደረገ አይከፍልም! እርስዎ እዚያ ሊደርሱ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው የቀረዎት!»

አቶ ይማም አፋቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ። እማማ ሐዋ ከጎን ሆነው ለፖሊሱ «ልጄ፣ የመስታወቱንና የስልኩን ብቻ ጻፍ፤ ሌላው ለማሳመር ነው» አሉት።

ነገሩ ባንድ ጀምበር አለቀ ብዬ አልዋሻችሁም። መድን ድርጅቱ «ይህ ወረቀት ጎደለ፣ ያኛው ማኅተም ደበዘዘ» እያለ አመላለሰን። ጋሽ ተፈራ ግን እልህ የተጋቡ ይመስል በየጊዜው ሻያቸውን ጠጥተው ይነሳሉ። በስተመጨረሻ የሕክምናዬንና ከሥራ የቀረሁበትን አስከፈሉልኝ። የፈለግሁትን ሁሉ አላገኘሁም፤ ያገኘሁት ግን ከብርቱካን ይበልጣል። ኮምቦልቻም ተመለስኩ። በቦታዬ የተቀመጠው ልጅ ወንበሩን ሲለቅልኝ ትንሽ አኩርፎ ነበር፤ አሁን ሻይ አብረን እንጠጣለን። እግሬም ድኗል፤ ብቻ ዝናብ ሊመጣ ሲል ከሬዲዮው ቀድሞ ይነግረኛል።

እናንተም፣ አይድረስባችሁና፣ ከሞተር ላይ ከወደቃችሁ ይቅርታችሁን ለሰውዬው ስጡ፣ ፊርማችሁን ግን ሕግ የሚያውቅ ሰው ሳታማክሩ ለማንም እንዳትሰጡ።

ባለፈው ሳምንት ታዲያ በፒያሳ በኩል ሳልፍ ያ ነጭ ፒካፕ ጥጉን ይዞ ቆሟል። ፍሬን ይዤ ቆምኩ። የሾፌሩ በር አልተከፈተም። ይልቅስ መኪናው ይወዛወዝ ጀመር። ጠጋ ብዬ ባይ፣ አቶ ይማም በራሳቸው በኩል መውረዱን እርግፍ አድርገው ትተው፣ በእግረኛው መንገድ በኩል ለመውረድ ማርሹን ተሻግረው ወደ ጋቢናው ሌላ ወንበር እየተሳቡ ነው። አንድ እግራቸው ከመሪው ሥር ቀርቷል፤ ሆዳቸው ጥሩምባው ላይ አርፎ ጵ…ጵጵ ይላል! ፒያሳ በሙሉ ዞሮ ያያል። ቀና ሲሉ ዓይን ለዓይን ተገጣጠምን።

«እለፊ እንጂ!» አሉኝ እያለከለኩ፣ «ምን ቆመሽ ታዪኛለሽ?»

«ምናልባት ምስክር ካስፈለገዎት ብዬ ነው» አልኳቸው።